ጀበናዋን እየወደድን ሠሪዋን መናቅ እስከ መቼ?

«የፈረንጅ ሥዕል ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይሄን ጥያቄ ከተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ከመምህራን ጓደኞቼም እሰማዋለሁ። ፈተና ላይ ብዙ አይመጣም፣ ሥራ አያስቀጥርም፣ እኛም የራሳችን አለን ይላሉ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ልጆቻችን ይሄን ታሪክ ከዋሻ ሥዕል እስከ ሬኔሳንስ ቢማሩት እላለሁ። ፈረንጅን እንዲያደንቁ አይደለም። ስለ ራሳችን ሰፈር የሚነግረን ነገር ስላለ ነው።

እስቲ ከዋሻው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1879 ስፔን ውስጥ አልታሚራ የሚባል ዋሻ አንዲት ትንሽ ልጅ ከአባቷ ጋር ገባች። አባትየው መሬቱን ሲቆፍር እሷ ቀና ብላ ጣሪያው ላይ የተሣሉ የዱር ጎሾች አየች። አባቷ «ይሄ የጥንት ሰው ሥራ ነው» ብሎ ቢጽፍ ሊቃውንቱ አልተቀበሉትም። የድንጋይ ዘመን ሰው እንዲህ አድርጎ ሊሥል አይችልም ብለው ነዋ! ጭራሽ አጭበርብሯል ተባለ። ነገሩ የታመነው እ.ኤ.አ. በ1902 አካባቢ ነው፤ ሰውየው ግን ቀድሞ ሞቷል። ሥዕሉ ያው ነው፣ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ወደ ግሪክ እንለፍ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን አቴንስ ውስጥ ኤክሴኪያስ የሚባል ሸክላ ሠሪ ነበር። በሠራው ዕቃ ላይ ስሙን ይጽፍ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም ይታያል። ልብ በሉ፣ ሸክላ ነው!

ፍሎረንስም ብትሄዱ ያው ነው። የካቴድራሉን ትልቅ ጉልላት የሠራው ብሩኔሌስኪ መጀመሪያ የሠለጠነው በአንጥረኛነት ነው። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ መምህር ቬሮኪዮም አንጥረኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1401 ለመጠመቂያው ቤት የነሐስ በር ውድድር ያወጡት ደግሞ የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ናቸው። አሸናፊው ጊቤርቲ፣ እሱም ያው የአንጥረኛ ልጅ በሉት፣ እዚያው ሙያ ውስጥ ያደገ ነው። ሬኔሳንስ የምንለው ነገር ከወርቅ አንጣሪ ሱቅና ከነጋዴ ኪስ ነው የወጣው።

እዚያ ንቀት አልነበረም ማለቴ አይደለም። አርስቶትል ራሱ በጥሩ ከተማ ውስጥ የእጅ ሠራተኛ ዜጋ ሊሆን አይገባም ብሏል። ግን ሠሪዎቹ ስማቸውን ጻፉ፣ ነጋዴው ገንዘቡን አወጣ፣ ቀስ በቀስ የእጅ ሥራ ክብር አገኘ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ እስከ ቦንጋ የቡና አገር ነን። ያለ ጀበና ደግሞ ቡና የለም። ጀበናዋን የሠራችው ሴት ግን በብዙ ቦታ አብራን ማዕድ አትቀርብም፣ ልጇን ለልጃችን አንድርም። ቀጥቃጩ ማረሻችንን ይሠራል፣ «ቡዳ» እንለዋለን። ፋቂው ቆዳውን ያለፋል፣ ስሙ ስድብ ሆኗል። አፄ ምኒልክ እንኳን በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀር አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ዛሬም ክፍል ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ስትባል አንገቷን ትደፋለች።

ለዚህ ነው የሥነ ጥበብ ታሪክ የቅንጦት ትምህርት አይደለም የምለው። ያቺ ልጅ የኤክሴኪያስን ሸክላ በፎቶ አይታ የእናቷ ሙያ በዓለም ሙዚየም የሚቀመጥ መሆኑን ማወቅ አለባት። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ከእሷ በላይ ማወቅ አለበት፣ ተሳዳቢው እሱ ነውና።

መምህራን፣ የሥዕል ክፍለ ጊዜን ክፍለ ጊዜ ለጎደለው መምህር ማሟያ አናድርገው። ተማሪዎችን ገበያ ልከን የጀበና ሠሪዎችን ስም፣ አፈሩን ከየት እንደሚያመጡ፣ እንዴት እንደሚተኩሱት ጽፈው ይምጡ። የቡና ነጋዴዎቻችንም የትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ለመደገፍ የፍሎረንስን ነጋዴ ያህል ሀብት አይጠይቃቸውም።

እናንተስ ቤታችሁ ያለውን ጀበና ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ? ስሟን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ ብል ስንቶቻችን እንጽፋለን?