ከአጥር ውጭ የቀረው ሶንጎ

የአዳሪ ትምህርት ቤት ናፍቆት በኢትዮጵያ እንደገና አገርሽቷል። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ውድቀት መካከል ቀና ብለው የታዩት በአመዛኙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በመሆናቸው፣ መንግሥትም ባለሀብትም ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ክርክር ባላስፈለገ ነበር። ዳሩ ግን ከአልጋውና ከመብራቱ ጋር «የአዳሪ ትምህርት ቤት ወግ» የሚባል ጓዝ ታዝሎ ይመጣል፤ ሙግቱም ከዚህ ላይ ነው።

ወጉ ከየት መጣ? በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንንም ሆነ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው ጄኔራል ዊንጌት ለአገር የጠቀሙ ብዙ ሰዎችን አፍርተዋል። ይሁን እንጂ ደወሉ፣ የደንብ ልብሱ፣ የተማሪ አለቃው ሥልጣን ከባሕር ማዶ የተቀዳ ነበር። አገሪቱ የራሷ አዳሪ ተማሪ አልነበራትም እንዳይባል፣ ደበሎ ለብሶ፣ ኮቸሮ ለምኖ፣ በጎጆ እያደረ የተማረው የቆሎ ተማሪ አለ። ኑሮው መራራ ነበር፤ ሊያሞግሱት አይገባም። ነገር ግን የሚያበላው መንደር ያውቀው ነበር፤ እሱም መንደሩን ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ያ የተቀዳ ወግ እንዳለ ዲላ ላይ ቢተከል ምን ይሆናል? ጌዴኦ ልጁን በሥርዓት የሚያሳድግበት ተቋም የሌለው ሕዝብ አይደለም። የባሌ ሥርዓት ሰውን በዕድሜ እርከን ከደረጃ ወደ ደረጃ ያሸጋግራል፤ በአባ ጋዳው ይመራል። ሶንጎ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር የሚመረምርበት፣ ተበዳይና በዳይ የሚታረቁበት ስፍራ ነው። ወጣቱ ዳር ሆኖ ያዳምጣል፤ ንግግርን ከማዳመጥ ይማራል። የተገዛ ማዕረግ ከውጭ የሚያስመጣ ትምህርት ቤት ይህን ማዕረግ ከአጥር ውጭ ሲተወው፣ ሥልጣኔ አመጣሁ ማለቱ ያስገርማል።

ጉዳዩ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የቆሙትን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ብቻ አልመዘገበም። ረጃጅም አገር በቀል ዛፎችን ከላይ፣ ቡናና እንሰትን ከሥር አዋሕዶ የሚኖር ገበሬ አብሮ ተመዝግቧል። ድንጋይ ጠባቂ ቢቀጠርለት ይቆያል። የትኛው ዛፍ ተቆርጦ የትኛው እንደሚተው፣ የትኛው እንሰት ለመፋቅ እንደደረሰ የሚያውቅ እጅ ግን የሚገኘው ከማሳው ላይ ነው። በዞኑ የላቀ ውጤት ያላቸው ልጆች ሁሉ ዓመቱን ከማሳው ተለይተው የሚያድሩ ከሆነ፣ ቅርሱን የሚረከበው ማን ነው?

የአዳሪ አቀንቃኞች መልስ አላቸው፤ የገጠር ልጅ ውኃ ሲቀዳና እንጨት ሲለቅም ይመሽበታል፣ መቼ ያጥና? ይላሉ። እውነት ነው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ እጥፍ እውነት ነው። መኝታና መብራት ይሰጣት። ከዚህ ግን ቋንቋዋን ትጣል የሚል ፍርድ አይወጣም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አማርኛን የመላ አገሪቱ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲያደርግ የጌዴኦ ልጅ ቋንቋ ከክፍል ውጭ ቀረ፤ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ነው ወደ አንደኛ ደረጃ የገባው። አሁን ደግሞ በግቢው እንግሊዝኛ ያልተናገረ ይቀጣ የሚለው የግል ትምህርት ቤቶች ደንብ በመኝታ ቤት በኩል መልሶ ሊያስወጣው ነው።

ዲላ ላይ የሚሠራ አዳሪ ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ ቡናና እንሰት ይትከል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይንከባከቡት። ሽማግሌዎችን ለበዓል ማድመቂያ ሳይሆን ለማስተማር ይጥራ። የተማሪዎች ጠብ በሶንጎ ወግ ይታይ። በመኸር የቡና ለቀማ ሲበረታ ልጆቹ ወደየቤታቸው የሚሄዱበት ዕረፍት ይኑር፤ የፈተናው ሰሌዳ ከቡናው ጋር ይስማማ እንጂ ቡናው የፈተናውን ሰሌዳ አይጠብቅም።