ማሰሮ መሣል ሥራ ፈትነት ነው ለሚሉ

ማሰሮና ቅል፣ ድንችና ሽንኩርት ከፊት አኑሮ እያስተዋሉ መሣል የሥራ ፈት ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። የሚያቀርቡትም ምክንያት ሦስት ነው፤ ይኸውም ነገሩ ተራ ነው፣ የባዕድ ልማድ ነው፣ ፎቶግራፍ ባለበት ዘመንም ከንቱ ድካም ነው የሚል ነው። ይህ አሳብ በጨዋታ ብቻ ቢቀር ባልተቸገርን ነበር። ነገር ግን ወደ ትምህርት ቤት ገብቶ የሥዕልን ክፍለ ጊዜ የሌላ ትምህርት ማካካሻ ወይም ከሰሌዳ የመገልበጫ ሰዓት ሲያደርገው ዝም ማለት አይገባንም።

ነገሩን በአገራችን ሰው እንመልከተው። የሰላሌው ተወላጅ አቶ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው በ1946 ዓ.ም. ተመረቁ። ሰውን በመልኩ፣ ነገርን በቅርጹ የሚሥሉ ሠዓሊ ነበሩ። ችሎታቸውን ለራሳቸው ክብር ብቻ ሊያውሉት ሲችሉ፣ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቁመው ዕድሜያቸውን ለማስተማር ሰጡ። የእርሳቸው እጅ የሚታየውን የሚከተል ሲሆን፣ ረቂቁን መንገድ የመረጡት ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር በጎሲያንም በዚያው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። አቶ አለ በ2008 ዓ.ም. ቢያርፉም ትምህርት ቤቱ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። እንግዲህ እውነተኛውን ነገር አጥርቶ መሣል አዲስ አሳብን ያፍናል የሚሉን ይህን ታሪክ ይመርምሩ።

ተራ ነው ለሚሉን ደግሞ የኢጣልያዊውን የጆርጆ ሞራንዲን ነገር እናስታውሳቸዋለን። ይህ ሰው ዕድሜውን አብዛኛውን ጠርሙስና ጣሳ እየሣለ ስሙ በዓለም ተጠራ። ከዚያ አስቀድሞ ግን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1914 እስከ 1929 በቦሎኛ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሥዕል ያስተምር ነበር። ሕፃናትን ሥዕል ማስተማር ለእርሱ ካላነሰው ለማን ሊያንስ ነው?

የባዕድ ልማድ ነው የሚለውም አይጸናም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን የአገራችንን ሥዕል ያየ ሁሉ በግብሩ ላይ መሶቡን አይስተውም። በዘመናችንም የወልድያው ተወላጅ ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የጉልት ሻጭ ሴቶችን ከነሸቀጣቸው በሸራው ላይ አቁሟቸዋል፤ እርሱም በዚሁ በአለ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት መምህር ሆኖ ኖሯል። ጉልት ባዕድ ነውን?

ስለ ፎቶግራፍም ቢሆን መልሳችን አጭር ነው። ካሜራ ሥዕሉን ይሰጣል እንጂ ማስተዋልን አይሰጥም። ልጅ በመጀመሪያ የሚሥለው የሚያውቀውን ማሰሮ ነው፤ አፉንም ድፍን ክብ ያደርገዋል። ማሰሮው ከፊቱ ሲቀመጥለት ግን አፉ ከጎን ሲታይ እንደ እንቍላል የተለጠጠ መሆኑን፣ ብርሃን በዞረ ቍጥርም ጥላው እንደሚዞር ያያል። በዚያን ጊዜ የሚያስበውን ከሚያየው መለየት ይማራል። ይህን የለየ ልጅ ነገ መሬት ሲለካ፣ በሽተኛ ሲመረምር፣ በዳኛ ፊት ምስክር ሆኖ ሲቆም ዕውቀቱ ይከተለዋል። ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የማያውቅ የለም።

ገንዘብ የለም የሚል ምክንያትም በእኛ በአዲስ ቅዳም አይሠራም። ስሟን ከቅዳሜ በወሰደች ከተማ ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ሸክላው ከገበያ አይጠፋም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ ተክሎ፣ አክስሎ፣ ከሰሉን ለሩቅ ከተማ የሚሸጥ ነው። ቀጫጭን እንጨት በጣሳ አፍነው ቢያከስሉት የሠዓሊ መሣያ ይሆናል። ከሰል በሚጫንበት አገር የሚኖር ተማሪ መሣያ አጣ ቢባል ማን ያምናል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ከተማሪዎቹ ፊት ያኑር፤ እነርሱም አይተው ይሣሉ። የመምህራን ኮሌጆች ይህን የማያውቅ መምህር አይላኩልን። ትምህርት ቤት የሚጐበኝ ሹምም የሒሳቡን ደብተር እንደሚገልጥ ሁሉ የሥዕሉንም ደብተር ይግለጥ። በውስጡ ከሰሌዳ የተገለበጠ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ካገኘ፣ ልጆቹ ዐይን ሳላቸው ማየት እንዳልተማሩ ይወቅ።