አሥር ሰው ካልሞላ

ስለ አይሁድ በመድረኮቻችን ብዙ ይነገራል። አብዛኛው ግን ስለ ትንቢትና ስለ መጨረሻው ዘመን ነው። ዛሬ በሕይወት ያለው አይሁዳዊ ማለዳ ተነሥቶ እንዴት እንደሚጸልይ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛን ከሥርዓታቸው ሁሉ ልባችንን የነካን “ሚንያን” የሚሉት ነው።

ሚንያን ለማኅበር ጸሎት የግድ መሙላት ያለበት የአሥር ሰው ቁጥር ነው። በኦርቶዶክስ አይሁድ ዘንድ 13 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ብቻ ይቆጠራሉ፤ እንደ ሪፎርም ባሉት ግን ሴቶችም ይቆጠራሉ። እናቱ ወይም አባቱ የሞተበት ሰው “ቃዲሽ” የተባለውን ጸሎት በልማዱ 11 ወር ያህል በየቀኑ ይጸልያል። (ጸሎቱ ስለ ሞት አንድም ቃል የለውም፤ የእግዚአብሔርን ስም ማክበር ነው።) ዘጠኝ ሰው ብቻ ከተገኘ ግን አይባልም። ስለዚህ ኅዘንተኛው ቤቱን ዘግቶ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ሌሎቹም ሊተዉት አይችሉም። ሰው ባነሰበት ምኵራብ “አንድ ጎድሎናል፣ ድረስልን” ተብሎ ስልክ ይደወላል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምኵራቦች ሲዘጉ አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ረቢዎች በስክሪን መገናኘትን እንደ ሚንያን አልቆጠሩትም፤ በእስራኤል ብዙዎች ከየበረንዳቸው ሆነው እየተያዩ ጸለዩ።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ታልሙድ ከሚያያይዛቸው ክፍሎች አንዱ ዘኍልቍ 14 ነው፤ በዚያ “ማኅበር” የተባሉት ክፉ ወሬ ያመጡት አሥሩ ሰላዮች ናቸው ይላሉ። ይገርማል! ቁጥሩ ከፈሪዎቹ ተወሰደ እንጂ ከኢያሱና ከካሌብ አይደለም። እምነቱ የደከመውም አሥረኛ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው።

እኛ ጌታ ኢየሱስ ሁለትና ሦስት በተሰበሰቡበት እንደሚገኝ ስለምናምን በቁጥር አንታሰርም። ለሙታን መጸለይንም አንቀበልም። ነገር ግን ተዝካሩን፣ አርባውን፣ ሙት ዓመቱን ስንተው ኅዘንተኛውን የምናይበትን ቀን አብረን ጣልነው። በምትኩ ምን አስቀመጥን? ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እንዘምራለን፣ እንሰብካለን፣ “ጌታ ያጽናሽ” ብለን እንበተናለን። ባሏን የቀበረች እህት በአራተኛው ወር አምልኮውን ቤቷ ሆና በስልክ ስትከታተል “ደኅና ናት፣ ትከታተላለች” እንላለን። አትታይም እኮ!

በዚህ ሳምንት በየቤት ኅብረቱ አንድ ጥያቄ ቢነሣ እንወዳለን፦ ዘንድሮ ሰው ከቀበሩት ወገኖቻችን ዘንድ ዛሬ ማን ይሄዳል?