ምጣዱን ሳይመዝኑ ታሪፍ መቆለል

የመብራት ዋጋ ጭማሪው በዕቅድ ነው የመጣው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት የሚዘልቅ፣ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል ታሪፍ ወጥቶ ሥራ ላይ ውሏል። ጊዜው ተቆርጧል፣ መጠኑ ተቆርጧል። ለማስከፈል ይህን ያህል የሚጠነቀቅ መንግሥት መብራቱን ለሚበላው ዕቃ ደረጃ ማውጣቱንና ማስከበሩን ለምን እንዲህ አቀዘቀዘው? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ዕቃው ምጣድ ነው። አምፖልማ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን በአሮጌው እየለወጠ ሲያድል እኛም ተሰልፈን ወስደናል። ደግ አደረገ፤ ደጉን ደግ ማለት ያባት ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባን ቆጣሪ የሚያስሮጠው አምፖል አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር ወደ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ለደሃው ታስቦ የተደጎመው የመጀመሪያው እርከን ደግሞ 50 ላይ ያበቃል። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት፣ ፍሪጁ ሳይሰካ፣ እንጀራ ብቻ የጋገረች እናት ከደሃ መዝገብ ተፋቀች ማለት ነው!

ምጣዱ ራሱስ እንዴት ነው የሚሠራው? ሸክላው ከሥሩ ቦይ ይወጣለታል፣ ሬዚስታንሱ በቦዩ ይጠመጠማል፣ በጀሶ ይደፈናል፣ በላሜራ ይታቀፋል። ከሥር ሙቀት የሚያግድ ነገር ከሌለው ግማሹን እሳት የሚጠጣው ጠረጴዛው ነው። ሸክላው ሲወፍር ደግሞ እስኪግል ድረስ ቆጣሪው ያለ እንጀራ ይሽከረከራል። የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ሞልቷል፤ መጋሉ የሚታወቀው ውኃ ጠብ ሲደረግበት ነው። ይህ የሚሻሻል ነገር ነው፤ ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። እዚህ ሲግናል ባሉት ሱቆች ግን ገዢው የሚያደርገው ሸክላውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ማዳመጥ ነው። ስንት እንደሚበላ የሚናገር አንዲት ወረቀት እኔ አላየሁም።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን ጉዳይ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሰጥቶታል። መሥሪያ ቤቱ በ2014 ዓ.ም. ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። ስም ሲለወጥ፣ ማኅተም ሲቀረጽ ምጣዱ እዚያው ነው።

ተቃዋሚዎችም አሉ፤ ክርክራቸውን ቀላል አላደርገውም። አንዱ ወገን «ደረጃ ብታወጡ የመርካቶው ላሜራ ቀጥቃጭ ይዘጋል፣ ምጣድ ይወደዳል፣ ደሃው ይጎዳል» ይላል። እውነት አለው። ሌላው ደግሞ «ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ አሁን ቁጠባ ምን ያደርጋል?» ይላል። ይኼኛው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ኃይሉ ጉባ ላይ ቢትረፈረፍ የበዓል ዋዜማ መላው ሰፈር ምጣድ ሲጥድ የሚጨሰው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። መቶ ሺህ ምጣድ ባንድ ጊዜ ቢሰካ 350 ሜጋ ዋት ይፈልጋል፤ ተከዜ በሙሉ አቅሙ 300 ነው። በዚያ ላይ ግድቡ ሞላ ብሎ ታሪፉ መቼ ወረደ? ለቢትኮይን ፈልፋዮች በዶላር የሚሸጠው ኃይል የሲግናልን ሂሳብ አላቀለለም።

ክርክሩ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹ የቤት ዕቃ የኃይል ደረጃ ሕጋቸውን እ.ኤ.አ. በ1987 ያስፈረሙት በሬገን፣ ያውም የመንግሥትን እጅ አሳጥራለሁ ይሉ በነበሩት ሰውዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የትራምፕ መንግሥት «የሸማቹን ምርጫ ነጠቃችሁ» ብሎ ብዙዎቹን ደንቦች ለመሻር ተነሣ። እዚያ ያለው ሸማች ግን ለሚነጠቀው ምርጫ ምልክት ተለጥፎለታል፣ አንብቦ ይመርጣል። እኛ የሚነጠቅ ምርጫ መቼ ኖረን? ጋናስ ብትሆን? ያገለገለ ፍሪጅ እንዳይገባ ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2013 ማስከበር ጀመረች። አፍሪካዊት አገር ናት።

ሲግናልንና አካባቢውን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆጣሪ በጋራ በሆነበት ግቢ የመጀመሪያው የኪራይ ውል «ምጣድ አይቻልም» የሚል ነው። አከራዩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሂሳቡን ፈርቶ ነው። ተከራይዋ ታዲያ ወይ ከሱቅ እንጀራ በፍሬ ትገዛለች፣ ወይ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ትመለሳለች። እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፦ ወገባቸው እስኪጎብጥ ባሕር ዛፍና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች። ምጣዱ የማይቀመስ በሆነ ቁጥር ሸክማቸው ገበያ ያገኛል፤ ጢሱን ግን ሌላዋ እናት ትስበዋለች።

ስለዚህ የኔ አቋም ደረጃው ይውጣ፣ ይከበርም ነው፤ ግን ዱላው በላሜራ ቀጥቃጩ ላይ እንዳይጀመር። መጀመሪያ አነስተኛ ወርክሾፖች ምጣዳቸውን በነጻ የሚያስለኩበት ቦታ ይከፈት፣ ሙቀት የሚያግደው ዕቃ ያለ ቀረጥ ይግባላቸው፣ ቀስ ብለው እንዲስተካከሉ ጊዜ ይሰጣቸው። አሮጌ አምፖል ተቀብሎ አዲስ የሰጠ መሥሪያ ቤት አሮጌ ምጣድ ተቀብሎ የተሻለውን በወር ክፍያ፣ በመብራት ሂሳብ ላይ አስልቶ መስጠት አያቅተውም። የተሻለው ምጣድ አንድ አራተኛውን ቢያተርፍ እንበል፣ ያቺ የ60ዋ እናት 45 ላይ ትቆማለች፤ ከድጎማው እርከን አትወጣም።

የሚቀጥለው የታሪፍ ጭማሪ ቀኑ ተጽፏል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ከዚያ ቀን በፊት የምጣዱንም ቀን ጽፎ ያውጣልን፤ መቼ ነው?