ሴራሚክ የሸጠ ነጋዴ የመጋጠሚያውንም መሙያ ያቅርብ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ መሆኗ ለአንባብያን የተሰወረ አይደለም። አንኮበርም በብርዱ ብዙ አታንስም። ስለሆነም በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት የሚያሠራ ሰው፥ አቅሙ ሲፈቅድለት፥ ወለሉን ሴራሚክ ያስነጥፋል፤ በሳሎኑም ግድግዳ የእንጨት እሳት የሚነድበት የጡብ ምድጃ ያሠራል። የእንግዳ ማረፊያ የሚከፍቱ ሰዎችም ይህንኑ ይመርጣሉ።

ሴራሚኩና ጡቡ በሚገናኙበት መሥመር ግን ሁልጊዜ ክፍተት ይቀራል። የሴራሚክ ጠርዝ ቀጥ ያለ ሲሆን የጡብ ፊት ሻካራና ወጣ ገባ ነውና ሁለቱ አይገጥሙም። ግንበኛው ክፍተቱን በነጭ ሲሚንቶ ወይም በግራውት ይደፍንና ሥራውን ያስረክባል። በርክክቡ ዕለት ያማረ ይመስላል። ጥቂት ወራት እሳት ከነደደበት በኋላ ግን ድፍኑ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎም ይፈረፈራል፤ አመድ ይሞላበታል፤ አንዳንድ ጊዜም የዳሩ ሴራሚክ ከመደቡ ይነሣል። ባለቤቱም «የሸጣችሁልኝ ዕቃ ብልሹ ነው» ሲል ወደ መደብሩ ይመለሳል። ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው በአንድ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ እንደመሆኑ፥ የዚህ ዓይነቱን አቤቱታ ደጋግሞ ጽፎ አስቀምጧል። በብዙዎቹ ጉዳዮች ሴራሚኩ አንዳች እንከን አልነበረበትም።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ማንኛውም የግንባታ ዕቃ ሲሞቅ ይለጠጣል፥ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሁሉም ግን እኩል አይደለም። አንድ ሜትር የሸክላ ጡብ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል፤ ኮንክሪት በዚያው መጠን ሲሞቅ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሄዳል። መጠኑ ኢምንት ቢመስልም፥ እንደ ድንጋይ የደረቀ ግራውት ይህችን ታህል እንኳ አይታገሥም። ከዚህም ሌላ የጡብ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ከባድ ስለሆነ ወለሉ ከሚወርደው በተለየ ልክ ወደ ታች ይወርዳል። እንግዲህ ክፍተቱ የግንበኛ ጉድለት ሳይሆን፥ ሁለት የተለያዩ አካላት እንዲንቀሳቀሱ መተው የሚገባው ስፍራ ነው። መዘጋት ይገባዋል፤ ነገር ግን በሚለጠጥ ነገር እንጂ በሚደርቅ ነገር መሆን የለበትም።

ለዚህ የሚስማማው በሕንፃ መሣሪያ መደብር «ሲሊኮን» እየተባለ በቱቦ የሚሸጠው መሙያ ነው። ሲሊኮን ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ለመታጠቢያ ቤትና ለመስኮት የተሠራው መደበኛው ዓይነት የሚችለው ሙቀት በአብዛኛው 150 ዲግሪ ገደማ ነው። ለሙቀት ተብሎ የሚሠራው፥ ብዙ ጊዜም ቀይ ወይም ጥቁር የሆነው፥ ከ250 ዲግሪ በላይ ይችላል። ከእሳቱ አፍ ራቅ ላለው የጎን መጋጠሚያ የመጀመሪያው ሊበቃ ይችላል፤ ለአፉ ቅርብ ለሆነው ግን ሁለተኛው ያስፈልጋል። እሳቱ ራሱ በሚነድበት ውስጠኛ ክፍል ከእሳት መቋቋሚያ ልውስ በቀር ማናቸውም ሲሊኮን አይገባም።

አሠራሩም አስቸጋሪ አይደለም። ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ይተዋል፤ አሮጌው ድፍንና ብናኙ ይጠረጋል፤ ጡቡ ይደርቃል፤ መሙያው ከታች እንዳይጣበቅና በሁለቱ ጎኖች ብቻ እንዲይዝ ሙቀት የሚችል ገመድ ከሥር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መሙያው የስፋቱን ግማሽ ያህል ጥልቀት ተደርጎ ይሞላል። መሙያው በቱቦው ላይ የተጻፈው ጊዜ አልፎ ሳይጠና እሳት አይነድም። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቱቦ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለውን ክፍተት እስከ 6 ሜትር ድረስ ይሞላል፤ ለአንድ ምድጃ ዙሪያ ይህ ይተርፋል። ክፍተቱን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ዞኮሎ መሸፈን ግን አደጋ ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ እንኳን ከምድጃው አፍ 15 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ርቀት የሚቃጠል ጌጥ እንዳይኖር ተከልክሏል፤ ከአፉ ፊት ለፊት ያለው ወለልም ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል በማይቃጠል ዕቃ እንዲነጠፍ ታዝዟል።

«ይህ የግንበኛው ሥራ ነው፤ ነጋዴውን ምን አገባው?» የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። ግንበኛው የሚሠራው በገበያ ባገኘው ነው። ለሙቀት የተሠራው መሙያ በመደብሩ ከሌለ በነጭ ሲሚንቶ ቢደፍን አይፈረድበትም። ሌላውም መቃወሚያ፥ ዕቃው ትርፉ ጥቂት፥ የአገልግሎት ዘመኑም አጭር ነው የሚለው ነው። ቱቦው ቀኑ ካለፈ እንደሚበላሽ እውነት ነው፤ ስለዚህ በብዛት ሳይሆን በየጊዜው በጥቂቱ ማስመጣት ይሻላል። ይሁን እንጂ በአንዲት ቱቦ ጉድለት የአንድ ሳሎን ሴራሚክ ሲነሣ ኪሳራው የት ይደርሳል? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የመጣ ዕቃ ተሰብሮ ሲተካ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከአስመጪው ይልቅ የሚያውቅ የለም። ምክንያቱ ሳይወገድ ሴራሚክ በሴራሚክ መተካትም «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» እንደሚባለው ይሆናል።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች እንዲታሰብባቸው በአክብሮት እናሳስባለን። አንደኛ፥ አስመጪዎች በጉምሩክ ታሪፍ በ69.07 የሚመደበውን ሴራሚክ ሲያዝዙ በ32.14 ከሚመደቡት መሙያዎች ለሙቀት የተሠራውን አብረው ይዘዙ። ሁለተኛ፥ ባለሱቆች ሴራሚክ ሲሸጡ ገዢውን «ቤትዎ ምድጃ አለውን?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ አዎን ከሆነ የሚያስፈልገውን ዓይነት ያሳዩት። ሦስተኛ፥ መሙያው የሚችለው ሙቀትና የአሠራሩ ቅደም ተከተል በአማርኛ በአንዲት ወረቀት ታትሞ ከዕቃው ጋር ይሰጥ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ወረቀቲቱም ይህን መብት ከማክበር አልፋ ነጋዴውን ከከንቱ ክርክር ታድነዋለች።

ሴራሚክን ብቻ ሸጦ ገዢውን ማሰናበት ግማሽ ዕቃ መሸጥ ነው። የሰሜን ሸዋ ሰው በብርድ ሌሊት ምድጃው አጠገብ ሲቀመጥ ከእግሩ ሥር ያለው ወለል ካልተሰነጠቀበት፥ ዕቃውን የገዛበትን መደብር ለጎረቤቱም ይነግራል። ከጋዜጣ ማስታወቂያ ይልቅ ለነጋዴ የሚበጀው እንዲህ ያለው ምስክርነት ነው።