ሥዕሉ ስንት ካሬ ነው?

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ሥዕል አያስፈልገውም። ገዢውን ደረጃ ያስወጣዋል። ገዢውም ቁና ቁና እየተነፈሰ በረንዳው በቆርቆሮ መዘጋቱን፣ ሮቶው የተቀመጠበትን፣ የቀረውን የማጠናቀቂያ ሥራ ሁሉ ያይና ዋጋ ይቆርጣል።

በሲኤምሲና በአያት በኩል ግን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሥዕሉ ነው። «ሥሪ ዲ» በሚሉት የኮምፒዩተር ምስል ላይ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ከጎን ፎቅ አይበቅልም፤ ሮቶና ዲሽማ ጭራሽ የሉም!

ምስል ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ለዓመታት በሥዕል ያየነውን መስሎ ወጥቷል። ነገር ግን አሠሪው ባንኩ ራሱ ነበር። የባለ ሁለት መኝታ ገዢ በእጁ ያለው ውል ብቻ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና ያልተሠራ ቤት ለማስረከብ የሚገባን ውል የሚያየው እንደ ግንባታ ሥራ ውል ነው። እንግዲህ ገዢ አጥብቆ መያዝ ያለበት ከውሉ ጋር የተያያዘውን ፕላንና የዕቃ ዝርዝር ነው፤ በሽያጭ ቢሮው ግድግዳ የተሰቀለውን አይደለም። ምስሉን የወደደ ሰው ምስሉም ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት የውሉ አካል ይሁንልኝ ይበል። ካሬውም «የተጣራ» ተብሎ ይጻፍ። 100 ካሬ ተብሎ የተከፈለበት ቤት፣ የጋራ ኮሪደሩና ደረጃው ሲቀነስ 80 ቢሆን፣ ያቺ ቃል ከሌለች ሻጩን በምን ይከሱታል?