ጤናችን፦ ተቅማጡ አልፎ እግር ሲከዳ



አንድ ጠንካራ ገበሬ ሆዱን ያመዋል እንበል። ሦስት አራት ቀን ያስቀምጠዋል። ከዚያም ይሻለውና ወደ እርሻው ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን አንድ ጧት የእግሩ ጣቶች ይደነዝዛሉ። በማግስቱ ከመደብ ለመነሣት ያቅተዋል። ድካሙም ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ፣ ከዚያም ወደ ክንድ ይወጣል።

ሰዉ «ምች መታው» ይላል። «አስደግመውበት ነው» የሚልም አይጠፋም። ያ ያለፈው ተቅማጥ ግን ለማንም ትዝ አይለውም። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ተቅማጥ ነው።

ይህ በሽታ ጊላን ባሬ ይባላል። ስሙ የፈረንሳይ ሐኪሞች ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሁለት ወታደሮች ላይ በሽታውን አይተው ጻፉ። ሐኪሞቹ እንኳ ሦስት ነበሩ፤ የሦስተኛው የስትሮል ስም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ታዲያ ሆድና እግር ምን አገናኛቸው?

በአንጀታችን ውስጥ በዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ወዳጆቻችን ናቸው። ምግብ እንዲፈጭ ያግዛሉ፤ መጥፎዎቹም ቦታ እንዳያገኙ ይከላከላሉ። ከመጥፎዎቹ አንዱ ካምፒሎባክተር ይባላል። በዶሮ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ዶሮዋ ግን ብዙውን ጊዜ አትታመምም። በከብትም ይገኛል። ሰው ሆድ ሲገባ ግን ትኩሳት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል።

ሰውነታችን ደግሞ ዘበኞች አሉት። በደም ውስጥ ይዘዋወራሉ። የገባውን ጠላት መልክ አይተው ለዚያ መልክ የሚሆን መሣሪያ ይሠራሉ። መሣሪያው ፀረ እንግዳ አካል ይባላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በካምፒሎባክተር ሽፋን ላይ ያለ አንድ ነገር በነርቮቻችን ላይ ካለ ነገር ጋር ይመሳሰላል። ነርቭ ማለት እንደ ስልክ ሽቦ ያለ ክር ነው። አንጎል «ተነሥ» ሲል ትእዛዙ በዚህ ክር ወርዶ እግር ይደርሳል።

እስቲ አስቡት። ጥቁር ካባ የለበሰ ሌባ ሌሊት ወደ መንደር ገባ። ዘቡ ዱላውን ይዞ ወጣና አባረረው። ግን ዱላውን አላስቀመጠም። ጥቁር ካባ የለበሰውን የመንደሩን ሰው ሁሉ ይመታ ጀመር። ሰውነትም እንዲሁ ለባክቴሪያው የሠራውን መሣሪያ በገዛ ነርቩ ላይ ያዞራል። ሽቦው ሲጎዳ ትእዛዙ እግር አይደርስም።

ያስቀመጠው ሰው ሁሉ እንዲህ አይሆንም። በካምፒሎባክተር ከተያዙ 1000 ሰዎች አንዱን ገደማ ነው የሚያገኘው። በሽታው ከሌላ ሕመም በኋላም ሊመጣ ይችላል። በሰሜን ቻይና ገጠር ግን በሞቃቱ ወራት ብዙ ልጆችና ወጣቶች እንዲህ በድንገት ይሽመደመዱ ነበር። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1991 ስለዚሁ ጻፉ። በኋላም ደም ሲመረመር ብዙዎቹ አስቀድሞ በካምፒሎባክተር ተይዘው እንደነበር ታወቀ።

እንግዲህ ወደ ጓዳ እንግባ። ዶሮ ወጡ ራሱ አያሰጋም፤ ረጅም ሰዓት የተንተከተከ ወጥ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። የሚያሰጋው ከወጡ በፊት ያለው ሥራ ነው። ዶሮዋ ስትበለትና ስትታጠብ ውኃው ይረጫል። በዚያው ቢላዋ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ከተከተፈ ባክቴሪያው በሕይወቱ ወደ አፍ ይገባል። ስለዚህ ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ወተትም አፍልቶ መጠጣት ነው። ለዶሮም የራሷ ማደሪያ ይሠራላት፤ በተለይ የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት።

በሽታው ከያዘ ቀን አይሰጥም። ድካሙ ደረት ሲደርስ መተንፈስ ያቅታል። ከ4 በሽተኞች አንዱ ገደማ በመሣሪያ ካልተነፈሰ አይተርፍም። ስለዚህ ሁለቱም እግሮች መድከም እንደ ጀመሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው፤ ከዚያም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል። ጸበል የሚወስደውም ይኖራል፤ ለበሽተኛው አስቦ ነው። ግን ሐኪም ሳያየው አንድ ሌሊት እንኳ አይደር። መዋጥ ካቃተው ደግሞ «ትንሽ ቅመስ» ብላችሁ አታጉርሱት፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል።

ነርቭ ቀስ በቀስ ይድናል። ሕክምና ካገኙ 5 በሽተኞች 4ቱ ያህል በ6 ወር ውስጥ ያለ ደጋፊ ይራመዳሉ። እስከዚያው የቤተ ሰብ ሥራ ብዙ ነው። ጀርባው እንዳይቆስል በየጊዜው ማገላበጥ፣ እጅና እግሩም እንዳይደርቅ ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት ያስፈልጋል።

የታመመው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ቀን ንገሯት። የልጅነት ልምሻም እንዲሁ በድንገት እግር ያደክማል። የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት የልጁ ሰገራ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ይመረመራል።